ከ15 ዓመቷ የእህቴ ልጅ ጋር ፓሪስ ልንሄድ ነው፤ ዕቅዴን እዩልኝ

አክስቷ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ከሦስት ወር በኋላ የእህቴን ልጅ ይዤ ለአምስት ቀን ፓሪስ ልሄድ ነው። እናቷ ከሥራ ፈቃድ ስላላገኘች ሁለታችን ብቻ ነን።

ልጅቷ ሥዕል ትወዳለች። ደብተሯ ጠርዝ ላይ፣ ደረሰኝ ጀርባ ላይ፣ ባገኘችው ወረቀት ሁሉ ትሥላለች። ፓሪስን የመረጥኩትም ለዚሁ ነው። ሦስት ሌሊት ቁጭ ብዬ ዕቅድ አወጣሁ። በየቀኑ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ መውጣት። ማክሰኞ ሉቭር ሙዚየም፣ ረቡዕ ኦርሴ ሙዚየምና ኖትር ዳም ካቴድራል፣ ሐሙስ ቬርሳይ ቤተ መንግሥት፣ አርብ ኤፍል ታወር። ላኩላት። መልሷ "እሺ አክስቴ፣ እንዳልሽ" ብቻ ሆነ።

ይቺ "እንዳልሽ" እንቅልፍ ነሳችኝ። ድሮ እኔ ጋ ስትመጣ ጥያቄዋ አያልቅም ነበር። ዘንድሮ ትምህርት ቤት ከቀየረች ወዲህ ግን ዝም ብላለች። ይህ ጉዞ እንዲያቀራርበን በጣም እፈልጋለሁ። ምን ላስተካክል? ወረቀትስ ምን ምን ያስፈልገናል?

የሁለት ልጆች አባት፦
እህቴ፣ መጀመሪያ የማክሰኞውን ቀይሪው። ሉቭር ማክሰኞ ዝግ ነው። ኦርሴና ቬርሳይ ደግሞ ሰኞ ይዘጋሉ። ደስ የሚለው፣ ከ18 ዓመት በታች ያለ ሰው ሉቭርም ኦርሴም በነፃ ይገባል። ሉቭር ላይ ግን ለእሷም ቢሆን የመግቢያ ሰዓት ቀድመሽ ያዢ።

ሁለተኛው ያ ከጠዋቱ 2 ሰዓት የሚለው ነው። በዚያ ዕድሜ እንቅልፍ የሚያመጣው ሆርሞን ማታ ዘግይቶ ነው የሚመነጨው። በየሌሊቱ ከ8 እስከ 10 ሰዓት ያህል መተኛትም ያስፈልጋቸዋል። እኔ ይህን ሳላውቅ ልጄን በየጠዋቱ እየጎተትኩ አስነስቼው፣ ጉዞውን ሙሉ ተኮራርፈን ተመለስን። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ኦርሴ ሐሙስ ሐሙስ በእኛ አቆጣጠር እስከ ምሽቱ 3፡45 ክፍት ነው። ረፋዱን ትተኛ፣ ከሰዓት በኋላ ሂዱ። ለሠዓሊው ለቫን ጎግ ሥዕሎች ብቻ እንኳ ረጅም ጊዜ ስጧት።

ድንበር ላይ የተጠየቀች፦
ስለ ወረቀቱ እኔ ልንገርሽ። የወንድሜን ልጅ ይዤ ስሄድ የድንበር ፖሊሱ "ምንህ ናት?" ብሎ እሱን ነው የጠየቀው፣ እኔን አይደለም። ስለዚህ ልጅቷም ምን እንደምትጠየቅ ትወቅ፣ አትደናገጥም። እናትና አባቷ ሁለቱም የፈረሙበት፣ በሕግ የተረጋገጠ የፈቃድ ደብዳቤ ያዢ። የልደት የምስክር ወረቀቷም አይቅር፤ ወላጆቿ እነማን እንደሆኑ የሚያሳየው እሱ ነው። ሁሉንም ኮፒ አድርጊና ሻንጣ ውስጥ ሳይሆን እጅሽ ላይ ይሁን።

የሼንገን ቪዛ (ፈረንሳይን ጨምሮ ለብዙ የአውሮፓ አገሮች የሚያገለግለውን) የምትጠይቁ ከሆነ ማመልከቻው ከ6 ወር በፊት ጀምሮ ይገባል፤ ቢዘገይ ቢዘገይ ከጉዞው 15 ቀን በፊት። ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ ጤና ኢንሹራንስም ይጠይቃሉ። አሻራ ከ12 ዓመት ጀምሮ ስለሆነ እሷም በአካል መቅረብ አለባት። ፈተና ካላት ቀኑን አስቢበት።

ያኔ 16 የነበርኩት፦
እኔ ከእሷ ወገን ሆኜ ልናገር። 16 ዓመቴ ላይ አጎቴ ፓሪስ ወስዶኝ ነበር። አንድ ጠዋት የሜትሮ ካርታውን ሰጠኝና "ዛሬ የምትመሪኝ አንቺ ነሽ" አለኝ። ወደ ተሳሳተ አቅጣጫ የሚሄድ ባቡር አስያዝኩት። እያወቀ ዝም አለኝ። ሁለት ጣቢያ አልፈን ራሴ ደረስኩበት። ከዚያ መስመር 6ን ያዝን። ይህ ባቡር ከፓሲ ጣቢያ ወደ ቢር ሃኬም ጣቢያ ሲሄድ ከመሬት በላይ ነው፤ ሴን ወንዝን በድልድይ ሲሻገር ኤፍል ታወር ድንገት ብቅ ይላል። ያን ቀን ኤፍልን ያገኘሁት እኔ ነኝ ብዬ አስብ ነበር፤ አሁንም እንደዚያው ነው የማስበው።

ኤፍልንም ጉልበትዎ ከፈቀደ በእግር ውጡ። እስከ ሁለተኛው ፎቅ 674 ደረጃ ነው። ፊት ለፊት ተቀምጠን ያልነገርኩትን ነገር ለአጎቴ የነገርኩት እዚያ ደረጃ ላይ፣ እያለከለክን ነው። እባክዎ አንድ ሙሉ ቀን ለእሷ ይስጧት። "የት መሄድ ትፈልጊያለሽ?" ብለው አይጠይቋት፣ "አላውቅም" ነው የምትለው። ካርታውን ብቻ ይስጧት።

አክስቷ፦
ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ቬርሳይን ሰረዝኩት። በየቀኑ ከ4 ሰዓት በፊት አንወጣም። የፈቃዱን ደብዳቤ ሰኞ እናስፈርማለን።

ትናንት ደወልኩላትና "ሐሙስ የምትመሪኝ አንቺ ነሽ" አልኳት። "እኔ?" አለችና ዝም አለች። ካርታውን ላኩላት። ማታ 5 ሰዓት ላይ መልእክቷ መጣ። "አክስቴ፣ ኦርሴ ድሮ ባቡር ጣቢያ ነበር እንዴ? ትልቁን ሰዓት ከውስጥ ሆኖ በመስታወቱ ከተማውን ማየት ይቻላል ይላሉ፣ እውነት ነው? እርሳስ ይዤ መግባት እችላለሁ? እዚያ ብዙ ብቆይ ይደብርሻል?"

አራት ጥያቄ ነው። እየመለስኩላት ነው።