የነዳጅ ፓምፑ ድምፅ ምክንያቱ ምን ይሆን?

ዕድሜዋ ከ20 ዓመት ያለፈው ባለ ኢንጀክሽን የቤንዚን መኪናዬ፣ በሰልባትዮው (በነዳጅ ታንከሩ) ውስጥ ያለው ቤንዚን ከሩብ በታች ሲሆንና ፀሐይ ሲበረታ፣ ከኋላ ወንበር ሥር የማያቋርጥ ቀጭን ጩኸት ታሰማለች፤ ወንበሩን አንሥቼ የፓምፑን ክዳን በእጄ ስነካውም ንዝረቱ በግልጽ ይሰማኛል። ፓምፑ የሚቀዘቅዘው በዙሪያው ባለው ነዳጅ ስለሆነ፣ ቤንዚን ስሞላ ድምፁ መቀነሱ አያስገርመኝም፤ በጣም የሚያሳስበኝ ዳገት ላይ ጉልበት እያነሳት መምጣቱ ነው። ከሰልባትዮው ውጪ ያለው የነዳጅ ፊልትሮ (ማጣሪያ) ቢቀየርም ለውጥ የለም።

መካኒኩ ፓምፑ ይቀየር ብሎኛል። እኔ ግን ዋጋው ቀላል ስላልሆነ፣ አስቀድሞ የነዳጁ ግፊት በጌጅ ቢለካ፣ ወደ ፓምፑ የሚደርሰው ቮልት ቢፈተሽና ከሥሩ ያለው ወንፊት ወጥቶ ቢታይ ይሻላል ብዬ አምናለሁ። ግፊቱ ልክ ሆኖ ጩኸቱ ብቻ ቢቀጥል፣ በዚህ ፓምፕ ረጅም መንገድ መሄድ ይቻላል? ወንፊቱ በቆሻሻ ተደፍኖ ቢገኝስ፣ እሱን ብቻ መቀየር ይበቃል? ተመሳሳይ ብልሽት የጠገናችሁ ባለሙያዎች ከየትኛው ምርመራ መጀመር እንዳለብኝ እንድታስረዱኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።