ከማናውቃቸው ሰዎች የሚመጣ ኮድ፦ የትኛው አውቶማቲክ ፍተሻ ሜርጅን ይከልክል?

ዘመን ቆጣሪ፦

ጤና ይስጥልኝ። የኢትዮጵያን ቀን ወደ ጎርጎርዮስ፣ የጎርጎርዮስንም ወደ ኢትዮጵያ የሚለውጥ አነስተኛ የፓይተን ላይብረሪ በጊትሃብ ላይ በክፍት ምንጭነት እናስተዳድራለን። ሲጀመር ኮድ የምንጽፈው ሁለት ሰዎች ስለነበርን አንዳችን የሌላችንን ሥራ አይተን ማጽደቁ ይበቃን ነበር። አሁን ከማናውቃቸው ሰዎች ፑል ሪኩዌስት (የኮድ ለውጥን ተቀበሉኝ የሚል ጥያቄ) መምጣት በመጀመሩ ቴስቶቹ፣ የኮዱን አጻጻፍ ወጥ የሚያደርገው ፎርማተር፣ እንዲሁም ቴስቶቹ ምን ያህሉን ኮድ እንደሚሸፍኑ የሚለካው መሣሪያ ፍተሻዎችን በራሱ በሚያስኬደው የጊትሃብ አክሽንስ አገልግሎት በኩል በራሳቸው እንዲሄዱ አድርገናል።

የተቸገርነው በሁለት ነገር ነው። የሽፋን ልኬቱን ወደ ሌላ አገልግሎት የሚልከው ክፍል ሚስጥራዊ ቶክን (የመግቢያ ቁልፍ) ስለሚያስፈልገው፣ ከፎርክ (ሌላ ሰው በራሱ ስም ከያዘው የፕሮጀክቱ ቅጂ) በመጣ ፑል ሪኩዌስት ላይ ሁልጊዜ ይወድቃል። አንድ ባልደረባችን ፍተሻው መቼና በማን ፈቃድ እንደሚጀምር የሚወስነውን ማስነሻ ከ«ፑል ሪኩዌስት» ወደ «ፑል ሪኩዌስት ታርጌት» ቀይሮ ሞከረው፤ ሠራም፤ ነገር ግን ለምን እንደሠራ ሳይገባኝ ለማጽደቅ አልደፈርሁም። ከዚህ ሌላ፣ የዛሬን ቀን በኢትዮጵያ አቆጣጠር የሚመልሰውን ፈንክሽን የሚፈትነው ቴስት አንዳንዴ ይወድቅና ምንም ሳይነካ እንደገና ሲሄድ ያልፋል። በሰነዱ ላይ የፊደል ግድፈት ብቻ ያረመ ሰው ቀይ ምልክት ሲያይ ጥፋቱ የራሱ ይመስለውና ሳይመለስ ይቀራል። ሁሉም ፍተሻ ሜርጅን (ለውጡ ከዋናው ኮድ ጋር መቀላቀሉን) እንዲከለክል ማድረግ ተገቢ ነውን?

የማታ ተረኛ፦

ባለመቸኮልዎ ጥሩ አድርገዋል። በ«ፑል ሪኩዌስት» ማስነሻ ከፎርክ የመጣ ኮድ ሲሄድ ጊትሃብ ሚስጥራዊ ቁልፎችን አይሰጠውም፤ የሚያገኘው ቶክንም ማንበብ እንጂ መጻፍ አይፈቀድለትም። የሽፋን ክፍሉ የሚወድቀው ይህ ጥበቃ በትክክል ስለሚሠራ ነው። «ፑል ሪኩዌስት ታርጌት» ግን የሚሄደው በዋናው ሪፖዚተሪ (የፕሮጀክቱ የኮድ ማከማቻ) ስም ስለሆነ ቁልፎቹን ያገኛል። ለፑል ሪኩዌስት መለያ ለመለጠፍ ወይም አስተያየት ለመጻፍ ይጠቅማል፤ በእርሱ ውስጥ የላኪውን ኮድ አውርዶ ቴስት ማስኬድ ግን የማያውቁት ሰው የጻፈውን ፕሮግራም በራስዎ ቁልፍ ማስኬድ ነው። ቴስት ራሱ ኮድ መሆኑን አይርሱ፤ ቴስቶቹ ሲጀምሩ በራሱ በሚሄደው «ኮንፍቴስት» በሚባለው ፋይል ውስጥ ጥቂት መስመር ጨምሮ ቁልፉን ወደ ውጭ መላክ የሚከብድ ሥራ አይደለም። የእኔ ምክር፣ ልኬቱ ወደ ውጭ የሚላከው ከሜርጅ በኋላ፣ በዋናው ብራንች (የኮዱ ዋና ቅርንጫፍ) ላይ ብቻ ይሁን።

ሌሎች ሰዎች የሠሯቸውን አክሽኖችም (በፍተሻው ውስጥ የሚጠሩ ዝግጁ ፕሮግራሞች) በስሪት መለያ ከመጥራት በሙሉው የኮሚት (የአንድ የተመዘገበ ለውጥ) ቁጥር መጥራት ይሻላል። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2025 ከ23,000 በላይ ሪፖዚተሪዎች ይጠቀሙበት የነበረው «ቲጄ አክሽንስ ቼንጅድ ፋይልስ» ተጠልፎ፣ የስሪት መለያዎቹ ወደ አንድ ተንኮል አዘል ኮሚት እንዲያመለክቱ ተደርገው ነበር። ያ ኮሚት ሚስጥራዊ ቁልፎችን በፍተሻው መዝገብ ላይ ይጽፍ ነበር፤ የክፍት ሪፖዚተሪ መዝገብ ደግሞ ለማንም ይነበባል።

ሸማኔ፦

ስለሚዋዥቀው ቴስት ልመልስ። የጊትሃብ ማሽኖች ሰዓት ዩቲሲ (የዓለም መነሻ ሰዓት) ነው፤ አዲስ አበባ በ3 ሰዓት ትቀድማለች። ፈንክሽናችሁ «ዛሬ»ን በአዲስ አበባ ሰዓት የሚያሰላ ከሆነና ቴስቱ ግን የማሽኑን ቀን ወስዶ የሚያነጻጽር ከሆነ፣ በአዲስ አበባ ከሌሊቱ 6 እስከ 9 ሰዓት ባለው ጊዜ ሁለቱ በአንድ ቀን ይለያያሉ። አገር ቤት ያለ ሰው በዚያ ሰዓት ተኝቷልና ችግሩን አያየውም። በዋሽንግተን ግን ያ ሰዓት ሰው ከሥራ የሚወጣበት አመሻሽ ስለሆነ፣ ቀዩ ምልክት የሚበዛው እዚያ ሆነው በትርፍ ጊዜያቸው ኮድ በሚልኩት ላይ ነው። መዝገባችሁን በሰዓት ብትደረድሩት ይህ በግልጽ ይታያችኋል ብዬ እገምታለሁ።

ፈንክሽኑ ሰዓቱን ከውጭ እንዲቀበል አድርጉና ቴስቱን ቋሚ ቅጽበት ስጡት። መስከረም 11 ቀን 2023 እ.ኤ.አ. በዩቲሲ 21:30 ቢሰጠው፣ በዩቲሲ ገና ጳጉሜ 6 ቀን 2015 ሲሆን በአዲስ አበባ ግን መስከረም 1 ቀን 2016 ገብቷል፤ አንድ ቴስት የሰዓት ቀጠናውንም ስድስተኛዋን ጳጉሜንም አብሮ ይፈትናል። ከእርሱም ጋር 2093 ዓ.ም.ን ጨምሩ፤ 2100 እ.ኤ.አ. በጎርጎርዮስ ሠግር ዓመት ስላልሆነ የዚያ ዓመት እንቁጣጣሽ የሚውለው በጎርጎርዮስ መስከረም 12 ነው፤ «ከሠግር ዓመት ቀጥሎ ካልሆነ ሁልጊዜ 11 ነው» ብሎ የጻፈ ሰው እዚህ ላይ ይያዛል።

ነገረኛው፦

ከሁለታችሁም ጋር እስማማለሁ፤ ዋናው ጥያቄ ግን አልተመለሰም። እኔ ብሆን ሜርጅን እንዲከለክል የማደርገው ቴስቱን ብቻ ነው። የሽፋን መቶኛ መከልከል የለበትም፤ መቶኛውን ከፍ ለማድረግ ሲባል ምንም የማያረጋግጥ ቴስት የሚጽፍ ሰው ይበዛል። ፎርማተሩን በተመለከተ ሮቦት በላኪው ብራንች ላይ ራሱ እንዲያርም የሚያደርጉ አሉ፤ እኔ አልወደውም፤ ለሮቦቱ የመጻፍ ፈቃድ መስጠት ስለሚያስፈልግና የላኪውም ኮምፒውተር ላይ ያለው ኮድ ከብራንቹ ጋር ስለሚለያይበት። በ«ፕሪ ኮሚት» አማካይነት ያው ፎርማተር ኮዱ ከመላኩ በፊት በላኪው ኮምፒውተር ላይ እንዲሄድ ማድረግ ይበቃል።

ቴስቶችን ወይም የፍተሻ ፋይሎቹን ራሳቸውን የሚነካ ለውጥ ግን ሰው ሳያነበው እንዳያልፍ። እ.ኤ.አ. በ2024 የተጋለጠው፣ ኤክስዜድ በተባለው የፋይል ማመቂያ ፕሮግራም ውስጥ የገባው ሰርጎ ገብ ኮድ የተደበቀው የቴስት ፋይል በሚመስሉ ነገሮች ውስጥ ነበር፤ ያስገባው ሰውም በ2023 ፕሮጀክቱን በራሱ በሚፈትሸው «ኦኤስኤስ ፈዝ» በተባለው አገልግሎት ላይ አንድ የኮዱ ገጽታ እንዳይፈተሽ ለውጥ ልኮ ተቀባይነት አግኝቶ ነበር። የተደረሰበትም በፍተሻ አልነበረም፤ አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ መሐንዲስ የኤስኤስኤች (ወደ ሌላ ኮምፒውተር ከርቀት መግቢያ መንገድ) መግቢያ በግማሽ ሰከንድ ያህል መዘግየቱ አጠራጥሮት ሲመረምር ነው። «ኮድ ኦነርስ» በሚባለው ፋይል እነዚህን ፎልደሮች ለሁለታችሁ መድባችሁ፣ ያለ እናንተ ፈቃድ ሜርጅ እንዳይሆኑ በብራንች ጥበቃው ላይ ማስገደድ ትችላላችሁ።

ዘመን ቆጣሪ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። መዝገቡን አይቼዋለሁ፤ ሸማኔ እንዳሉት ውድቀቶቹ በሙሉ ከ21:00 እስከ 24:00 ዩቲሲ ባለው ጊዜ የተከሰቱ ናቸው። የማስነሻ ለውጡን ውድቅ አድርገን ልኬቱን ወደ ዋናው ብራንች አዛውረነዋል። አንድ ጥያቄ ብቻ ቀረኝ፦ አዲስ ሰው ኮድ ሲልክ ፍተሻው እኛ ካልፈቀድንለት አይጀምርም፤ ይህን ማጥፋት ይቻላል?

የማታ ተረኛ፦

እንዲያጠፉት አልመክርም። ጊትሃብ ይህን በ2021 እ.ኤ.አ. ያመጣው ሰዎች ፑል ሪኩዌስት እየላኩ ነጻ ማሽኖቹን ለክሪፕቶ ማይኒንግ ስለተጠቀሙባቸው ነው። ከመፍቀድዎ በፊት የአክሽን ፋይሎቹ፣ «ኮንፍቴስት» እና የመጫኛ ፋይሉ ተነክተው እንደሆነ ብቻ ይመልከቱ፤ ካልተነኩና የቀሩት የቴስት ፋይሎች እንግዳ ነገር ከሌለባቸው ይፍቀዱለት። አንድ ጊዜ ሜርጅ የተደረገለት ሰው ቀጥሎ ሲልክ በነባሪው ቅንብር ዳግመኛ አይጠየቅም።