ክርክር፦ የፈትል ፋብሪካ ሠራተኛ በቆጣሪ ይከፈለው?

ጥያቄ አቅራቢ፦ ሰላም ቤተሰብ። አንድ አባላችን «የወር ደመወዝ ሠራተኛን ያሰንፋል። ድሮ እንግሊዞች በሀንክ ይከፍሉ እንደነበረው፣ የእኛም የፈትል ሠራተኛ ባመረተው ልክ ይከፈለው» የሚል ሐሳብ አንሥቷል። ሀንክ የጥጥ ክር ርዝመት መለኪያ ነው። 1 ሀንክ 840 ያርድ ነው፤ ወደ 768 ሜትር። በእንግሊዝ አገር በላንክሻየር ፋብሪካዎች ማሽኑ ላይ የሀንክ ቆጣሪ ይገጠም ነበር። ሽፍት ሲያልቅ ቁጥሩ ይነበብና ክፍያው ይሰላል።  «20 ቁጥር ክር» የምንለውም ከዚሁ ከሀንክ የመጣ ነው፤ 20 ሀንኩ 1 ፓውንድ ይመዝናል ማለት ነው። እስቲ ሐሳባችሁን ስጡ።

የቀድሞ ሱፐርቫይዘር፦ እኔ እደግፋለሁ። ሁለት ልጆች ጎን ለጎን ይሠራሉ። አንዷ ክር በተበጠሰ ቁጥር ሮጣ ትቀጥላለች። ሌላዋ ስልኳ ላይ ናት። ወሩ ሲያልቅ ሁለቱም እኩል ብር ይቀበላሉ። መጨረሻ ላይ ሥራ የምትለቀው ጎበዟ ናት። ይሄ ፍትሕ ነው?

ፈትል ክፍል የሠራች፦ ወንድሜ፣ ክር የሚበጠሰው በእኛ ስንፍና ብቻ ነው እንዴ? ጥጡ አጭርና ቆሻሻ ሲሆን ይበጠሳል። የአዳራሹ እርጥበት ሲወርድ ይበጠሳል። ጥጡን የገዛሁት እኔ አይደለሁም። እኔ በነበርኩበት ፋብሪካ ቦነስ በምርት ነበር። መብራት ጠፍቶ ማሽን የቆመበት ሰዓት ግን ከእኛ ይቆረጥ ነበር። ቆመን እየጠበቅን! የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሠራተኛው ለመሥራት ዝግጁ ሆኖ፣ በእሱ ጥፋት ባልሆነ ምክንያት ሥራ ከቆመ ደመወዙን ያገኛል ይላል። በቆጣሪ ሲከፈል ይህ እንዴት ይሰላል? የሚመልስልኝ አላገኘሁም።

የጨርቃጨርቅ መምህር፦ እህቴ ያነሣሽው ትልቅ ነገር ነው። ግን ከዚያ በፊት ሁላችንም ልናየው የሚገባ ነገር አለ። የሀንክ ቆጣሪው ክሩን አያይም። የሚቆጥረው ክሩን እየዞረ የሚያወጣውን ዘንግ፣ የፊት ሮለሩን፣ ዙር ነው። 50 ክር ተበጥሶ ቢንጠለጠልም ሮለሩ እስከዞረ ድረስ ይቆጥራል። ስለዚህ፣ ወንድሜ ሱፐርቫይዘር፣ እነዚያ ሁለት ልጆች በሀንክ ቢከፈላቸው ቆጣሪያቸው ላይ የሚነበበው ያው እኩል ቁጥር ነው። የጎበዟ ሩጫ እዚያ ላይ የለም።

ሁለተኛው ነገር ማታለል ነው። ሮለሩ 1 ኢንች ውፍረት ካለው፣ 1 ሀንክ ለማውጣት 9,600 ጊዜ ገደማ ይዞራል። ቆጣሪው የሚስተካከለው በዚያ ስሌት ነው። አሁን ሮለሩን በ1 ኢንች ከ1/16 ቀይሩትና ቆጣሪውን እንዳለ ተዉት። ሠራተኛዋ 106 ሀንክ አምርታ የሚነበብላት 100 ነው። በዓይን የሚለየው የለም። እንግሊዞች ይህን ያውቁ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1891 የወጣው የፋብሪካ ሕግ ሠራተኛው ክፍያውን ራሱ አስልቶ እንዲያረጋግጥ ዝርዝሩ በጽሑፍ ይሰጠው አለ። የ1901ዱ ደግሞ በሐሰተኛ ቆጣሪ የሚያጭበረብር እንዲቀጣ ደነገገ። ለምሳሌነት የምንጠቅሳቸው ሰዎች ቆጣሪውን ብቻውን አላመኑትም። እኛ ቆጣሪውን ብቻ ወስደን ሕጉን ልንተው ነው?

የቀድሞ ሱፐርቫይዘር፦ እሺ፣ በኪሎ ይሁን። የተበጠሰ ክር ኪሎ አይሆንም፤ ጎበዟም ትለያለች።

የጨርቃጨርቅ መምህር፦ ይሻላል። ግን 1 ኪሎ 40 ቁጥር ክር ከ1 ኪሎ 20 ቁጥር እጥፍ ይረዝማል። ቀጭን ክር ደግሞ የበለጠ ስለሚጠመዘዝ ማሽኑ ቀስ ብሎ ነው የሚያወጣው። ዋጋው ለሁሉም አንድ ከሆነ፣ ቀጭኑ የደረሳት ልጅ ተበደለች። ለየቁጥሩ ለየብቻ ዋጋ ወጥቶ በይፋ መለጠፍ አለበት። በላንክሻየሯ ኦልድሃም ከተማ እ.ኤ.አ. በ1875 አሠሪዎችና የሠራተኛ ማኅበሩ የተስማሙበት የዋጋ ዝርዝር ነበራቸው። ማሽኑ በፈጠነ ቁጥር የሚገኘውን ጥቅም እንዴት እንደሚካፈሉ ሳይቀር እዚያ ላይ ተጽፏል።

ከሐዋሳ፦ ስለ ቦነስ ከማውራታችን በፊት መነሻው ይታይ እንጂ። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ጥናት የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክን መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር ብሎት ነበር። ያ ልብስ ስፌት ነው፣ ግን ኑሮው አንድ ነው። የቤት ኪራይ ሳይሞላላት በኪሎ ሩጪ ማለት ጭካኔ ነው። አዋጁ ዝቅተኛ ደመወዝን የሚወስን የደመወዝ ቦርድ እንደሚቋቋም ይናገራል። መጀመሪያ ያ ወለል ይቀመጥ።

የቀድሞ ሱፐርቫይዘር፦ ወለሉ ላይ አልከራከርም፣ ይቀመጥ። ከወለሉ በላይ ያለው ግን በምርት ይሁን። ጎበዟን መርሳት አልችልም።

ፈትል ክፍል የሠራች፦ እኔም ጎበዟ ትረሳ አላልኩም፤ ጎበዝ ነበርኩ። ወለሉ ይቀመጥ፣ የየቁጥሩ ዋጋ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ፣ መብራት የጠፋበት ሰዓት ይቆጠርልን፣ ሚዛን ሲነበብ ከእኛ ወገን አንድ ሰው ይቁም። ይህን የሚፈርም ፋብሪካ ካለ በኪሎ እንሠራለን። ጥጡ ሲበላሽ ኪሳራውን ማን ይሸከማል የሚለው ግን አሁንም አልተመለሰልኝም፤ ወንድሜ ሱፐርቫይዘር፣ አንተ ብትመልስልኝ ደስ ይለኛል።