አስቸኳይ፦ የሮማ ሳንቲሜ አረንጓዴ ዱቄት አወጣ፣ ምን ላድርግ?

ሳሚ ሜሪላንድ (ጠያቂ)፦ ሰላም ቤተሰብ፣ ቶሎ መልሱልኝ። አሁን ሳጥኔን ስከፍት የቆስጠንጢዮስ (የታላቁ ቆስጠንጢኖስ ልጅ) ሳንቲሜ ላይ ነጣ ያለ አረንጓዴ ነገር አየሁ። በሁለቱ ወታደሮች መሃል፣ የጦር ዓርማዎቹ ሥር ላይ። በፊት አልነበረም! ከጎኑ የሮማው ጦር መሪ የማርክ አንቶኒ ዲናር፣ የብር ሳንቲም፣ አለ፣ ባለ ንስሩ። ይጋባበታል እንዴ? በሎሚ ልጠበው?

ብርቱካን፦ ሎሚ እንዳታስነካው! ሆምጣጤም ቢሆን። አሲድ የዘመናት ቆዳውን ገፎ ባዶ መዳብ ያስቀርልሃል። ያ ደግሞ አይመለስም።

መምህሩ፦ መጀመሪያ የያዝከውን እወቅ። ዙሪያው ላይ «ግሎሪያ ኤክሰርሲቱስ» ይላል አይደል? የሠራዊቱ ክብር ማለት ነው። ዓርማዎቹን ቁጠር። ሁለት ከሆኑ እ.ኤ.አ. ከ330 እስከ 335 ገደማ የተመታ ነው። ከዚያ ሳንቲሙ ሲያንስ ዓርማውም አንድ ብቻ ሆነ። ከወታደሮቹ እግር ሥር ያሉት ፊደላት የተመታበትን ከተማ ይናገራሉ። ኤስ ኤም ኤ ኤን ካለ አንጾኪያ ነው። ዲናርህ ግን ሌላ ዘመን ነው። አንቶኒ ከአክቲየም ጦርነት በፊት፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ32 እና 31፣ ለሠራዊቱ ደሞዝ ያስመታው ነው። በአንድ ገጽ መርከብ፣ በሌላው በሁለት ዓርማዎች መሃል የሌጂዮን፣ የሮማ ክፍለ ጦር፣ ንስር። እነዚህን ሁለቱን ጎን ለጎን ማስቀመጥህ ደስ ብሎኛል።

ጆሲ፦ ጸበል ብታስጠምቀውስ? 😂

ብርቱካን፦ ጆሲ፣ የምንጭ ውሃ ጨው አለበት። የሚበላው እኮ ጨው ነው 😂

አቤል፦ ዲስትልድ ውሃ (ተንኖ የተጣራ፣ ጨው የሌለበት) ውስጥ ዘፍዝፈው። አለቀ።

ዮዲት ኬ፦ ቆይ፣ ሁላችሁም የነሐስ ሕመም፣ መዳብ የሚበላው ዝገት፣ ነው ብላችሁ ደመደማችሁ። ምናልባት ከፕላስቲኩ የመጣ ይሆናል። ለስላሳ የፒቪሲ ኪስ ውስጥ የተቀመጠ ሳንቲም አረንጓዴ ሙጫ ያወጣል። የሚያጣብቅ ከሆነ መድኃኒቱ ንጹሕ አሴቶን ነው፤ መስኮት ከፍተህ፣ ከእሳት ርቀህ፣ በብርጭቆ ዕቃ። በስንጥር ነካ አድርገውና ንገረን።

ሳሚ ሜሪላንድ (ጠያቂ)፦ ነካሁት። አያጣብቅም፣ እንደ ዱቄት እየተፈረፈረ ይወድቃል። ሥሩ ትንሽ ጉድጓድ ነው። ኪስ ውስጥ አልነበረም፣ የእንጨት ሳጥን ነው። ቤዝመንት ነው የማስቀምጠው።

ዮዲት ኬ፦ በቃ፣ የነሐስ ሕመም ነው። ቤዝመንት የሚለውን መጀመሪያ ብትነግረን ኖሮ! ጤነኛ ፓቲና፣ ያ የዘመናት ቆዳ፣ ጠንካራና ልሙጥ ነው፣ በስንጥር አይነሣም። ይሄ ግን መሬት ውስጥ የገባበት ክሎራይድ ከእርጥበትና ከአየር ጋር ሲገናኝ አሲድ ሆኖ መዳቡን የሚበላው ነው። ዛሬውኑ ከሌሎቹ ለየው። ዱቄቱን በማጉያ መነጽር እያየህ በስንጥር ልቀመው፤ የወታደሮቹን ጦር እንዳትጭር ቀስ በል። ከዚያ አቤል እንዳለው ዲስትልድ ውሃ ውስጥ አኑረው፣ ውሃውን በየቀኑ ቀይር። ሳምንታት ይፈጃል፣ አንዳንዱ ወራት። ስታወጣው በደንብ አድርቀው። ከዚያ ጠብቀህ እየው፤ ዱቄቱ ከተመለሰ ድገመው። ካልተመለሰ ብቻ ማይክሮክሪስታሊን ሰም ቀባው። ቀድመህ ብትቀባ ሕመሙን ከውስጥ ቆልፈህበታል።

አቤል፦ ዲስትልድ ውሃ አልኩኝ እኮ።

ከመገናኛ፦ አዲስ አበባ ሆናችሁ ለምታነቡ፦ ዲስትልድ ውሃን «የባትሪ ውሃ» ብላችሁ ስትገዙ ተጠንቀቁ። የባትሪ አሲድም እዚያው ሱቅ በተመሳሳይ ጠርሙስ ይሸጣል። ጽሑፉን አንብቡ።

ነጋዴው፦ ወንድሜ፣ ይሄ በብዛት የተመታ ሳንቲም ነው። ለእሱ ወራት ከምትደክም ጥለህ ሌላ ግዛ። ንስሩን ጠብቅ።

መምህሩ፦ አልስማማም። ልዑል ሳለ የተመታለት ይህ ቆስጠንጢዮስ፣ በኋላ ንጉሠ ነገሥት ሆኖ ለእኛው ኢዛናና ለሳይዛና ደብዳቤ የጻፈው ነው። ፍሬምናጦስን፣ አባ ሰላማን፣ ወደ እስክንድርያ መልሱልኝ ብሎ። ደብዳቤውን አትናቴዎስ በጽሑፉ ውስጥ ገልብጦ አቆይቶልናል። ለሐበሻ ሰብሳቢ ከዚህ የቀረበ የሮማ ሳንቲም የለም። ይዳን!

ሳሚ ሜሪላንድ (ጠያቂ)፦ ጋሼ፣ ይህን አላውቅም ነበር፣ እግዜር ይስጥልኝ። አልጥለውም። ንስሩስ? እሱ ብር ነው፣ ምንም አይሆንም አይደል?

ዮዲት ኬ፦ ንጹሕ ብር አይደለም። የአንቶኒ የሌጂዮን ዲናሮች መዳብ በርከት ያለባቸው ናቸው። ሕመሙ እንደ ጉንፋን በትንፋሽ አይተላለፍም፤ የረገፈው ዱቄት ግን ጨው ይዟል፣ እርጥበት ካገኘ ጎረቤቱን ሊጎዳ ይችላል። ሳጥኑን አራግፈህ ጥረገው። ሳንቲሞቹን ከቤዝመንት አውጣና አየር በማያስገባ ዕቃ ከሲሊካ ጄል ጋር አስቀምጥ፣ ጫማ ካርቶን ውስጥ የሚመጣው ትንሽ ከረጢት ማለቴ ነው። ርካሽ የእርጥበት መለኪያም ጨምርበት፣ ከ40 በመቶ በታች ይሁን።

ጆሲ፦ እኔም ሳጥኔን ልከፍት ሄድኩ።