ቢኤምአይ 41፣ 39ኛ ሳምንት፦ ምጥ እናስጀምር ወይስ እንጠብቅ?

ጥያቄ፦
የመጀመሪያ እርግዝና ነው፤ ቢኤምአይ (ክብደት ከቁመት ጋር ሲመዘን) 41፣ ስኳርም ግፊትም የለም። በመጨረሻው የወር አበባ ሲሰላ 39 ሳምንት ሞልቷታል፤ የማህፀን በሩ ግን ገና ነው፣ ቢሾፕ (የበሩ ዝግጁነት ነጥብ) 3። አንዱ «አስጀምሯት» ይላል፣ ሌላው «በሩ ሳይበስል ከነካችኋት ኦፕራሲዮን ነው»። እናንተስ?

መልስ 1፦
መጀመሪያ 39ኙን አረጋግጡ። ክብደት ሲበዛ የወር አበባ ይዛባል፤ እንቁላሉ ዘግይቶ ከወጣ 39 ያላችሁት 37 ሊሆን ይችላል። በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት የተነሳችው አልትራሳውንድ ካለ በእሱ ሂዱ። የኛ አቆጣጠርም ያሳስታል፦ የመውለጃውን ቀን ለማግኘት በመጨረሻው የወር አበባ ላይ 9 ወር ከ10 ቀን የሚደመረው ጳጉሜን ካላለፈ ነው፤ ካለፈ 9 ወር ከ5 ቀን፣ ጳጉሜ 6 ከሆነች 9 ወር ከ4።

መልስ 2፦
ዕድሜው ከተረጋገጠ እኔ ማስጀመሩን እመርጣለሁ። ከ39 በፊት ውፍረት ብቻውን ምክንያት አይሆንም፤ ከዚያ ወዲያ ግን ጽንሱ ሆድ ውስጥ የመሞት ስጋቱ በየሳምንቱ ይጨምራል፣ ቢኤምአይ ከፍ ባለ ቁጥር ደግሞ ይብሳል። ኦፕራሲዮኑን በተመለከተ፦ በ2018 አሜሪካ የታተመው የአራይቭ ጥናት ሌላ ችግር የሌለባቸው የመጀመሪያ ወላዶችን አወዳድሮ፣ በ39 ከተጀመረላቸው 18.6 በመቶ፣ ከጠበቁት 22.2 በመቶ በኦፕራሲዮን መውለዳቸውን አሳይቷል። በሩ ካልበሰለ ይበስላል፤ መድኃኒቱ ለዚያ ነው። ውሳኔው ግን ከእናትየው ጋር ይሁን።

ጠያቂ፦
እናመሰግናለን ዶክተር። በር ለማብሰል ያለን ባለ 200 ማይክሮግራም የሚሶፕሮስቶል ፍሬ ብቻ ነው። እንቁረጠው?

መልስ 3፦
በምላጭ አትቁረጡት፣ ቁራጩ እኩል አይወጣም። አንዷን ፍሬ በ200 ሚሊ ሊትር ንጹህ ውሃ አሟሙና 25 ሚሊ ሊትር በየ2 ሰዓቱ አጠጧት። ዱቄቱ ከሥር ስለሚዘቅጥ በየጊዜው አማስሉት፤ 24 ሰዓት ያለፈው ይደፋ። ምጡ ከያዛት ቀጣዩ አይሰጥም። ከመጨረሻው ሚሶፕሮስቶል ቢያንስ 4 ሰዓት ሳያልፍ ኦክሲቶሲን (ምጥ የሚያጠናክረውን መድኃኒት) አትጀምሩ። ቀድሞ በኦፕራሲዮን ለወለደች ይህ መድኃኒት ክልክል ነው፣ ማህፀን ይቀደዳል።

ብዙ የሚበላሸው «አልሠራም» ለማለት በመቸኮል ነው። በወፍራም እናት የማህፀን በሩ ከ4 ወደ 6 ሴንቲ ሜትር ለመከፈት ረጅም ሰዓት ይፈጃል። እናትም ጽንስም ደህና ከሆኑ፣ የሽርት ውሃው ፈሶ ኦክሲቶሲን ከተጀመረ ቢያንስ ከ12 እስከ 18 ሰዓት ጠብቁ። ማደንዘዣ ባለሙያውም ገና ሲጀመር ወገቧን ይያት፤ የጽንሱ ልብ ምት ከወረደ በኋላ በዚያ ሁሉ ሥጋ ውስጥ የመርፌ ቦታ መፈለግ አይሆንም። ኦፕራሲዮን ክፍልና ደም ከሌላችሁ ሳትጀምሩ ሪፈር ጻፉ።