ከትሮምሶ እስከ ሎንግየርብየን ርቀቱ ስንት ነው? በረራውስ ስንት ሰዓት ይፈጃል?

መምህር ዘሐዋሳ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሐዋሳ ለ11ኛ ክፍል የኬክሮስና ኬንትሮስ መልመጃ እያዘጋጀሁ ነው። የመረጥኩት ሁለት የኖርዌይ ኤርፖርቶችን ነው፤ ትሮምሶን (69.68° ሰሜን፣ 18.92° ምሥራቅ) እና ስቫልባርድ ደሴቶች ላይ ያለውን ሎንግየርብየንን (78.25° ሰሜን፣ 15.47° ምሥራቅ)። የዲግሪ ልዩነቶቹ በ111.2 ተባዝተው በፓይታጎረስ ሲሠሩ 1027 ኪ.ሜ. ይመጣል። ኢንተርኔት ላይ ያሉት ማስያዎች ግን 958 አካባቢ ይላሉ። ይህን ያህል ልዩነት ከምን መጣ? የበረራ ሰዓቱስ እንዴት ይገመታል?

ቀያሽ፦
መምህር፣ ችግሩ ያለው ኬንትሮሱ ላይ ነው። አንድ ዲግሪ ኬክሮስ የትም ቢሆን 111 ኪ.ሜ. ገደማ ነው። የኬንትሮስ ዲግሪ ግን ወደ ዋልታው በተጠጋን ቁጥር ይጠባል፤ ሐዋሳ ላይ 110 ኪ.ሜ. የሆነው ትሮምሶ ላይ 38.6፣ ሎንግየርብየን ላይ 22.7 ብቻ ነው።

የሁለቱን ኬክሮስ አማካይ ይውሰዱ፤ 73.965 ነው፣ ኮሳይኑ 0.276። ከዚያ 3.45 × 111.2 × 0.276 = 106 ኪ.ሜ.፤ የሰሜን ደቡቡ 8.57 × 111.2 = 953 ኪ.ሜ.። አሁን ፓይታጎረስ 959 ይሰጥዎታል።

አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ካልኩሌተሩ በዲግሪ ፈንታ ራዲያን (ሌላው የማዕዘን መለኪያ) ላይ ከሆነ ኮሳይኑ 0.137 ይወጣል፤ የመጨረሻው መልስ ግን 954 ስለሚሆን ትክክል ይመስላል። ስለዚህ ተማሪዎቹ ኮሳይኑን ለብቻው ይጻፉ። ምርጫዎም ግሩም ነው፤ ከሐዋሳ መቀሌ ቢሰጧቸው ኖሮ ኮሳይኑን የዘነጋ ተማሪ የሚሳሳተው ከ1 ኪ.ሜ. በታች ስለሆነ ማንም አያውቅበትም ነበር። የኬንትሮሱ ልዩነት በጣም ሲሰፋ ግን ይህ አቋራጭ አይሠራም፣ ሃቨርሳይን (በሉል ላይ ርቀት የሚሰላበት ቀመር) ያስፈልጋል።

በረራ ዕቅድ፦
ለሰዓቱ ርቀቱን በፍጥነት ማካፈል ብቻውን አይበቃም። ቦይንግ 737 ከፍታውን ከያዘ በኋላ በሰዓት 830 ኪ.ሜ. ገደማ ይሄዳል፤ 958 ÷ 830 ወደ 69 ደቂቃ ነው። መሬት ላይ ለመንደርደር፣ ለመውጣትና ለማረፍ 25–30 ደቂቃ ይጨምሩ፤ 1 ሰዓት ከ35 እስከ 1 ሰዓት ከ40 ይሆናል። በሰዓት 100 ኪ.ሜ. የሚነፍስ ነፋስ ከፊት ቢገጥም 69 ደቂቃው 79 ይሆናል፣ ከኋላ ቢገፋ 62። ተማሪዎች ነፋሱ ሲሄድና ሲመለስ የሚጣፋ ይመስላቸዋል፤ አይጣፋም፣ ደርሶ መልሱ ሁልጊዜ ይረዝማል። ይህን ራሱን የቻለ ጥያቄ ቢያደርጉት እመክራለሁ።

ሰሜነኛ፦
ሁለቱም ኤርፖርቶች የሚከተሉት አንድ ሰዓት ስለሆነ የሰዓት ቀጣና ማስተካከያ አያስፈልግም። ስለ ጉዞው ለሚጠይቅ ተማሪ ደግሞ፦ ስቫልባርድ የኖርዌይ ግዛት ቢሆንም ከሸንገን (በመካከላቸው የፓስፖርት ቁጥጥር ካስቀሩት የአውሮፓ አገሮች ቀጣና) ውጪ ነው። ከትሮምሶ ሲወጡም ሲመለሱም ፓስፖርት ይታያል፤ የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው አንድ ጊዜ ብቻ በሚያስገባ ቪዛ ከሄደ መመለሻ የለውም፣ ቢያንስ ሁለቴ የሚያስገባ መሆን አለበት።