እግሩ ክፉኛ የሚደማን ሰው ሆስፒታል እስኪደርስ ምን እናድርግለት?

ጥያቄ (ከአዘዞ፣ ጎንደር)፦
ሰላም ወገኖቼ። በሞተርና በባጃጅ አደጋ እግሩ የሚደማ ሰው ሲያጋጥም ሰፈርተኛው የተፈጨ ቡና ይነሰንስበታል፣ ወይ በሲባጎ ያስረዋል። ትክክሉ ምንድን ነው? በባጃጅ ማድረስስ?

መልስ (የድንገተኛ ክፍል ነርስ)፦
ቡናው ይቅር፤ ቁስሉን ከማቆሸሽ በቀር አይጠቅምም። አንዱ ወደ አምቡላንስ (907) ይደውል፣ ሌላው ሱሪውን ቀዶ ደሙ ከየት እንደሚወጣ ይይ። እጅን በጓንት፣ ከሌለ በፌስታል ሸፍኖ፣ የታጠፈ ንጹሕ ነጠላ ቁስሉ ላይ አድርጎ ክንድን ቀጥ በማድረግ በሰውነት ክብደት መጫን ነው። ቢያንስ 10 ደቂቃ። «ቆመ ወይ?» እያሉ መግለጥ የረጋውን ደም ይነቅለዋል። የተሰካ ብረት ወይ እንጨት ካለ አይነቀል፤ ዙሪያውን ተጫኑ።

እየተጫናችሁትም ደሙ ከተንፎለፎለ እግሩ ይታሰር። ከቁስሉ 5–7 ሳ.ሜ ወደ ላይ፣ ጉልበት ላይ ሳይሆን፣ 4–5 ሳ.ሜ ስፋት ባለው ጨርቅ። አንዴ ቋጥሩ፣ ጠንካራ እንጨት አስገብታችሁ ደግማችሁ ቋጥሩ፣ ደሙ እስኪቆም እንጨቱን እያዞራችሁ አጥብቁ፤ እንጨቱም እንዳይፈታ ይታሰር። ሲባጎ ሥጋና ነርቭ ይጎዳል።

ጠያቂ፦
እግሩ እንዳይሞት በየ20 ደቂቃው ማላላት የለብንም?

መልስ (ጤና መኮንን)፦
በፍጹም! በላላ ቁጥር እንደገና ይደማል። ላላ ብሎ የታሰረ ደግሞ ጭራሽ ያባብሳል፦ ደም መልሱን (ደም ወደ ልብ የሚመለስበትን ሥር) ዘግቶ ደም ቅዳውን (ደም ከልብ የሚመጣበትን ሥር) ክፍት ይተዋል። ሕመሙ ኃይለኛ ነው፤ ቢጮህም አትፍቱለት። የታሰረበትን ሰዓት ግንባሩ ላይ ጻፉ፣ «ቀን» ወይ «ማታ» የሚል ጨምሩ፤ 8፡00 ብቻ ከተባለ የቀን ይሁን የማታ አይታወቅም። ከ2 ሰዓት በላይ ታስሮ ሲቆይ አደጋው ስለሚጨምር፣ በሊማሊሞ በኩል የተጎዳ ሰው ጎንደር ድረስ 100 ኪ.ሜ ከሚጫን ቅርቡ ያለው ደባርቅ ሆስፒታል ይግባ።

መልስ (የአምቡላንስ ባለሙያ)፦
ባጃጅ ሰውን አጣጥፎ ነው የሚወስደው። ጀርባውን ወይ አንገቱን ካመመው፣ ወይም ራሱን ከሳተ አይሆንም። አምቡላንስ ከዘገየ ሚኒባስ ወይ ፒካፕ ፈልጉ፤ አንዱ የተጎጂውን ጭንቅላት ይዞ፣ ሦስት ሰው ባንድ ላይ ወደ ጎኑ አዙሮ ሳንቃ ላይ ያስተኛው። ራሱን ስቶ የሚተነፍስ ከሆነ፣ ትውከት እንዳያንቀው አንገቱን ሳታጣምሙ በጎኑ ይሁን። ጭኑ የተሰበረ ሰው ውጭ ሳይታይ ከ1 ሊትር በላይ ደም ውስጥ ሊፈስበት ስለሚችል የተሰበረውን እግር ከጤነኛው ጋር እሰሩለት፤ እግሩንም አታንቀሳቅሱት። ውኃም አትስጡት፣ ኦፕራሲዮን ሊገባ ይችላል። ከበላዩም ከበታቹም ጋቢ ይደረግለት፤ የበረደው ሰው ደሙ ቶሎ አይረጋም።